በይሉኝታ የተሰነጠቀ ገመድ

እናንተ በጠረጴዛ ሥር የምትኖሩ፣ አቧራ የለበሳችሁ፣ የወንበር እግር የሚረግጣችሁ፣ አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ ደኅና አደራችሁ ወይ የማይላችሁ ገመዶች ሁሉ ሆይ! ይህ ቃል ለእናንተ ነው። በባለ አራት ክፍሏ የንድፍ ቢሮ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ፣ አንዱ ትልቅ ማተሚያ፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ሶኬቶችና አንድ እግሩ ያጠረው መሰላል ከእንግዲህ በአንድ ሰው ጥላ ሥር ይተዳደራሉ። እኒህም ሰው አቧራን ድል የነሱ፣ ሸረሪትን ከርስቷ ያፈናቀሉ፣ ከጠረጴዛ ሥር ሲወጡ ራሳቸውን ሳይመቱ የቀሩበት ቀን የሌለ፣ ክቡርነታቸው ጋሽ ሽቦ ናቸው። ሲመጡ እግር ይሰብሰብ! ሲያልፉ የሻይ ብርጭቆ ከፍ ይበል! ይህን ያልፈጸመ ፋይሉ ሳይከፈትለት ይኑር!

እንዲህ ተብሎ ሊታወጅለት የሚገባ ሰው ነው። ያወጀለት ግን የለም። በዚያ ቢሮ ግድግዳ ላይ በክብር የተሰቀለው «ራእያችን» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ከጻፈው ሰው በቀር ያነበበው የለም፤ የጻፈውም ሲጽፈው እያነበበ ስለመሆኑ እጠራጠራለሁ። እኔም ብሆን አንቱታውን ያመጣሁት ለአዋጁ ድምቀት ነው። አብሮ አደጌን እስከ መጨረሻው አንቱ ስል ብውል ምላሴ ይታዘበኛል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እሱ ነው፤ የቢሮው ሰዎች ግን ጋሽ ሽቦ ይበሉት፣ እነሱ ደመወዝ ይከፈላቸዋል።

ሽቦ የተባለው በቅጥነቱ አይደለም። ሆዱ ቀበቶውን ካሸነፈ ቆይቷል። ሽቦ የተባለው ኪሱ መቼም ከሽቦ ባዶ ስለማይሆን ነው። በወጣትነቱ ከስልክ መስመር ዘርጊዎች ጋር ምሰሶ ለምሰሶ ሲንጠለጠል ነው ያደገው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተለያይቶ ካየ እጁን ያሳክከዋል። የተሰበረ መነጽር፣ የላላ የበር እጀታ፣ የተበጠሰ የቦርሳ ማንጠልጠያ፣ ሁሉም በሱ ሽቦ ይታሰራል። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ወስዳ አስቀምጣዋለች፤ ወይም እሱ እንደሚለው እሱ ሊጠብቃት ገብቷል። የእሷ የልብስ ማስጫ እንኳን ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ነጭ የኔትወርክ ሽቦ የተጎነጎነበት ነው። ጎረቤት «ዛሬ ምን በዓል ነው?» እያለ ያልፋል።

እጁ እንዲህ ደፋር የሆነ ሰው አፉ ግን ፈሪ ነው። በሽታው ራጅ የማያነሳው፣ ምርመራ የማይደርስበት በሽታ ነው፤ ይሉኝታ ይባላል። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ሾፌሩ የሚያዳምጠው ዘፈን እስኪያልቅ ይጠብቅና ሰፈሩን አልፎ በእግሩ ይመለሳል። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጎኑን ከሌላው አሳጥሮ ሲያስቀረው «እጅህ ይባረክ» ብሎ፣ ባርኔጣ ገዝቶ ይኖራል። በሰልፍ ላይ እግሩን የረገጠው ሰው ቢኖር፣ ሰውየው ረግጦ እስኪበቃው ነው የሚታገሰው። ሰፊው ሕዝብ በጨቋኞች እግር ሥር ወደቀ እያሉ ወረቀት የሚበትኑ ሰዎች ሽቦን ቢያዩት ወረቀታቸውን አጥፈው ቤታቸው በገቡ ነበር፤ ይህ ሰው ጨቋኝ ቢያጣ ተውሶ ያመጣል።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

ቢሮው የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። ንድፎቹ ሁሉ የሚቀመጡት ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ «ሰርቨር» በሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ፣ «የጋራ» የሚል ስም በተሰጠው ፎልደር ነው። ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ክፍል ንድፍ ሠሪዎቹ ተቀምጠው ከ«የጋራ» እያወጡ ይሠራሉ፣ መልሰው ያስገባሉ። ይህ እንግዲህ የታሰበው ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ የሕንፃ ንድፍ ከኋላው ክፍል ተነስቶ ፊት ለፊቱ ክፍል እስኪደርስ፣ ሕንፃውን ራሱን መሥራት ሳይቀል አይቀርም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። የዚህ ቢሮ ድር አንበሳውን ትቶ የያዘው ሠራተኛውን ነው።

ከንድፍ ሠሪዎቹ አንዷ፣ አፏ ከእርሳሷ የሾለ ልጅ፣ በየቀኑ ሽቦን ከቦታዋ ሳትነሳ ትጠራዋለች።

«ጋሽ ሽቦ!»

«አቤት ልጄ።»

«ፋይል እንዲከፈትልኝ አዝዤ ሄጄ ምሳ በልቼ፣ ታጥቤ መጣሁ። ገና እየመጣ ነው።»

«ትንሽ ታገሺው፣ ከባድ ፋይል ሆኖ ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ አልቀበልም ነበር። አሁን ተቀበልኩ። እንቁላሉ ሄዷል ጋሼ! ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ እሱም በተራው እንቁላል ጥሏል። የኔ ፋይል ግን ገና ቅርፊት ውስጥ ነው!»

ክፍሉ ይስቃል። ሽቦም አብሮ ይስቃል፣ እንዳይከፋት ብሎ። ከዚያ ከኪሱ ሽቦ እያወጣ ጠረጴዛዋ ሥር ይገባል፤ ሲወጣ ራሱን ይመታል። ፋይሉ እንዳለ ነው። ንድፍ ሠሪዎቹም ተስፋ ቆርጠው ፍላሻቸውን እንደ ሐብል አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከክፍል ክፍል በእግራቸው ይመላለሱ ጀመር። ዘመናዊው ቢሮ በዘመናዊ መሣሪያ ታግዞ ወደ መልእክተኛ ዘመን ተመለሰ።

የቢሮው ባለቤት «ኢንጂነሩ» ይባላል። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ችግር ሲገጥመው ዕቃ ይገዛል እንጂ። ገዛ። አዲስ ሰርቨር፣ ለሁለቱም ክፍል ገመድ ማከፋፈያ የሚሆን አዲስ ሣጥን። ሻጩ «ካሮጌው አሥር እጥፍ ይፈጥናል» ብሎ ማለለት። ሣጥኖቹ ተተከሉ። መብራታቸው ብልጭ ብልጭ አለ። ኢንጂነሩ እጁን አጣምሮ ቆሞ ተመለከተ፣ ፋይል ተጠራ፣ ፋይሉም በአሮጌው እርምጃው፣ በአሮጌው ክብሩ እየተጎተተ መጣ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። መጀመሪያ የተወነጀለው አንቲቫይረሱ ነው። ቀጥሎ የመብራት ኃይል ማነስ። ቀጥሎ የማተሚያው መሞቅ። በሕይወት ያለ ነገር አልተከሰሰም ነበርና በመጨረሻ ተራው የሽቦ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነሩ ቢሮው አስጠራው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ግድ የለም፣ ቆሜ...»

«ይቀመጡ እንጂ። ብዙ ደክመዋል።»

«ኧረ አልደከመኝም።»

«ደክመዋል» አለ ኢንጂነሩ ዓይኑን ከማተሚያው ላይ ሳያነሳ፤ እሱም ቢሆን ከበሽታው ነጻ አይደለም። «ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ድርጅት ኔትወርኩን ይረከበናል። ባለሙያዎች ናቸው። እርስዎ... አረፍ ይላሉ።»

ሽቦ ደነገጠ። በኛ ቋንቋ በሱ ዕድሜ ያለ ሰው «አረፈ» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ድንኳን ነው።

«አርፋለሁ?»

«ማለቴ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛሉ። ወንበርም አለው።»

«ወንበሩ አንድ እግሩ የለውም እኮ።»

«እርስዎ ያስሩታል» አለ ኢንጂነሩ፤ ሳያስበው። ከዚያ አፈረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ ነገ ማታ ካስተካከሉት ግን፣ ሰዎቹ መጥተው ምን ይሠራሉ? እስከ ነገ ማታ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሟገታል፣ ይጮኻል፣ ማመልከቻ ይጽፋል። ሽቦ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ያን ኔትወርክ በገዛ እጁ ነው የዘረጋው፤ ኮርኒስ ውስጥ ከአይጥ ጋር ተሻምቶ፣ ግድግዳ በስቶ፣ አንድ በአንድ። እግር በሌለው ወንበር ላይ ቁልፍ ታቅፎ ሌላ ሰው ገመዱን ሲነቅልበት ማየት ሞት ነው፤ አረፈ ያሉትም አልተሳሳቱም።

ከሰዓት በኋላ ሥራውን እንደ ሰው ያዘ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያደርግ የነበረው ማጥፋትና ማብራት ነበር፤ ይህ ደግሞ የሙያው ጸሎት ስለሆነ አይነቀፍም። አሁን ግን አንድ ትልቅ ንድፍ መረጠና ከቦታ ቦታ እየገለበጠ ሞከረው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ጎረቤቱ ሲገለብጠው ዓይኑን ሳያርገበግብ አለቀ።

«ምን አደረጉት?» አለች ንድፍ ሠሪዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

«ምንም። ከዚህ እዚያ ነው የላክሁት።»

«እንዲህ የሚሮጥ ነገር ነበረን?»

ኋላ ክፍል ገባና ከሰርቨሩ ራሱ አጠገብ ላፕቶፕ ሰክቶ ሞከረ። እዚያም ሮጠ። እንግዲህ ፊት ያለው ደኅና ነው፣ ኋላ ያለው ደኅና ነው፤ የታመመው መሐሉ ነው። ከኋላው ክፍል ወደ ፊቱ ክፍል የሚሄደው ገመድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ አየው። የሌሎቹ ገመዶች መብራት አረንጓዴ ነው፤ የፈጠነ ማለት ነው። የዚያ የአንዱ ገመድ መብራት ብርቱካንማ ነው፤ በአሮጌው ፍጥነት የሚሄድ ማለት ነው። ፋይሉን በዚያ ገመድ ላይ ለቀቀውና ዓይኑን ተክሎ ጠበቀ። እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ይሄዳል። ድንገት መሐል ካለችው ክፍል ስልክ ጮኸ፤ ፋይሉም ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልኩ ተነሳ፣ ፋይሉ ጉዞውን ቀጠለ።

ሽቦ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አወቀ፤ ባላወቅሁ ብሎም ተመኘ።

መሐል ያለችው ክፍል የእትዬ ማህተም ናት። እትዬ ማህተም የቢሮው ጸሐፊ ናቸው፤ ማህተሙ በሳቸው እጅ ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላቸው። እሳቸውን አንቱ ማለት አልተውም፤ ማህተም የያዘን ሰው አንተና አንቺ የሚል ወረቀቱ ሳይመታለት ይቀራል። ሰብሰብ ያሉ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚስቁ፣ አግብተው የማያውቁ፣ ከአሮጊት እናታቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ድሮ ቢሮው አንድ ስልክ ብቻ ነበረው፤ እሱም ኢንጂነሩ ጋ። እናታቸው በደወሉ ቁጥር «እትዬ፣ እናትዎ!» ተብሎ በየክፍሉ ይጮኻል፤ እትዬም የተረከዛቸውን ድምፅ እንዳያሰሙ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ፤ የሚያናግሩት ደግሞ በአለቃ ፊት ነው። እናትየው «በላሽ ወይ?» ይላሉ፤ ልጅየው «እሺ፣ ደብዳቤው ይደርሳል» ይላሉ።

አንድ ቀን እትዬ ማንንም ሳያዩ፣ ለማህተሙ እንደሚነግሩ ሁሉ፣ «አጠገቡ ስልክ ያለው ሰው ታድሎ» አሉ። አልጠየቁም። እሳቸውም ያው በሽታ አለባቸው።

ሽቦ ሰማ። ስልክ ለመዘርጋት ሌላ ገመድ ያስፈልጋል፤ ገመድ ደግሞ ከኢንጂነሩ ይጠየቃል፤ መጠየቅ ደግሞ አይችልም። ያን ጊዜ ግን በጠረጴዛቸው ሥር ያው ከኋላ ወደ ፊት የሚሄደው የኔትወርክ ገመድ ያልፍ ነበር። በሆዱ ስምንት ሽቦ ይዟል፤ የዚያን ጊዜው ሣጥን የሚያሠራው አራቱን ብቻ ነው። ሰማያዊዎቹና ቡናማዎቹ ሲወለዱ ጀምሮ ሥራ ፈቶች ናቸው። ሽቦም የገመዱን ቆዳ ሰንጥቆ ሥራ ፈቶቹን ጎትቶ አወጣና ለስልክ አሰማራቸው። በማግሥቱ እትዬ ሲመጡ ጠረጴዛቸው ላይ ስልክ ተቀምጧል። እሱ «ትርፍ መስመር ነበረ» አለ። እሳቸው «ውይ፣ ጋሼ» አሉ። በቃ፤ ከዚያ በላይ የተባለ ነገር የለም። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ያህል ንግግር ሦስት ልጅ ያሳድጋሉ።

አዲሱ ሣጥን ግን አራት ሽቦ አይበቃውም። ሊሮጥ ስምንቱንም ይፈልጋል፤ አራቱን ብቻ ሲያገኝ ዝም ብሎ ባሮጌው እርምጃ ይራመዳል። በዚያ ላይ ስልኩ ሲጮኽ አራቱንም ያስደነብራቸዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። እንግዲህ የሽቦ ዕጣ በሁለት ተከፈለች። ስልኩን ነቅሎ ስምንቱን አንድ ቢያደርግ ኔትወርኩ ይድናል፣ እሱም በቦታው ይቆያል። ስልኩን ቢተወው ሰኞ ቁልፍ ታቅፎ ይቀመጣል። ስልኩን ለመንቀል ደግሞ ለእትዬ መናገር አለበት።

ሳይናገር ወጣ። ቤቱ ገብቶ እራት ቀረበለት፤ አኩርፎ ሳይሆን ተክዞ እህሉን ከሳህኑ ጫፍ ወደ ጫፍ ያመላልሳል።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?» አለች እህቱ። ፀጉሩ ቢሸብትም ለሷ ልጅ ነው።

ነገራት። ገመዱን፣ ስልኩን፣ ሰኞን።

«እና ችግሩ ምንድን ነው? ንቀለዋ።»

«እንዴት ብዬ? እናቷ ይደውሉላታል።»

«ጠይቃት። አፍ የለህም?»

«ይከፋታል።»

«ጠየቅሃት እንዴ ይከፋሻል ወይ ብለህ?»

«እሱን መጠየቅ አይከፋትም?»

እህቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እናታችን አንተን ስትወልድ ዘግይተህ ነው ያለቀስከው። አዋላጇን እንዳትረብሽ ብለህ ነበር መሰለኝ። ነገ ጠዋት ሄደህ ትነግራታለህ። ካልነገርካት እኔ እመጣለሁ፤ እኔ ከመጣሁ ደግሞ ስልኩን ብቻ አይደለም የምነግራት።»

ይህ የመጨረሻው ዛቻ ሽቦን እንቅልፍ ነሳው። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ቢሮ ገባ፤ እትዬ ማህተም ግን ቀድመውታል፤ ማህተሙን በጨርቅ እየወለወሉ ነው።

«እንደምን አደሩ እትዬ?»

«ደኅና፤ እርስዎስ ጋሼ?»

«ደኅና። እናትዎ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናት።»

«ጉልበታቸውስ?»

«ደኅና ነው።»

«ጆሯቸውስ?»

«ጆሮዋ ምን ሆነ?»

«አይ፣ እንዲያው... በስልክ ሲያወሩ ይሰማሉ ወይ ብዬ ነው።»

ንድፍ ሠሪዋ በዚህ መሐል ገብታ ኖሮ ከፊት ክፍል «ጋሽ ሽቦ፣ ሕክምና ጀመሩ እንዴ?» ብላ ጮኸች። ሽቦ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጎንበስ አለና ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ እዚያ ድፍረት ያገኛል። ከዚያ ሆኖ፣ ለእትዬ ጫማ፣ ንግግሩን አደረገ።

«እትዬ፣ ይህ ስልክ... ቢኖር ጥሩ ነው። ባይኖርም... ማለቴ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን ቢነሳ ለምሳሌ...»

«ሊያነሱት ነው?»

«ማን? እኔ? ኧረ በፍጹም!» ሲል ከመጣደፉ የተነሳ ቀና አለና ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ።

ከዚያ እትዬ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እኔ ደግሞ ሊያነሱልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሽቦ ራሱን በመዳፉ ይዞ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። «ደስ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። እናቴ ሞባይል ከያዘች ስንት ዓመቷ። በሱ ነው የምናወራው። ይህኛውን... እርስዎ በጉልበትዎ ተንበርክከው የዘረጉት ስልክ ዝም ሲል አይተው እንዳይከፋዎ ብዬ፣ ‹እማዬ፣ በቢሮውም ደውይልኝ› እያልኩ የምለምናት እኔ ነኝ። ‹ምን ልበልሽ?› ትለኛለች። ‹ዝም ብለሽ ደውይ፣ ሰውየው ይስማ› እላታለሁ።»

«እኔ... እኔ እንድሰማ?»

«ሲጮኽ ቀና ብለው ፈገግ ይላሉ እኮ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ነቅዞ፣ የቢሮውን ፋይል ሁሉ ሲበላ ኖሯል። ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ አንዱ ለሌላው ሲል፣ አንደኛው የማይፈልገውን ሌላኛዋም የማትፈልገውን ስልክ ጠብቀው፣ አንድ ሙሉ ቢሮ በእንቁላል እግር እንዲሄድ አደረጉት። እስቲ የትኛው ጠላት ነው ይህን ያህል ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው? በጨዋነት የፈረሰውን አገር በብልግና የፈረሰው አይደርስበትም፤ ይህን በወረቀት ጽፎ የሚበትን ሰው ግን አልተገኘም፤ የቀድሞውን ወረቀት የበተኑልን ሰዎች እንዳይከፋቸው ብለን ነው ዝም ያልነው።

ሽቦ ስልኩን ነቀለ። የተሰነጠቀውን ቁራጭ ቆርጦ ጣለ፣ ለቀሩት ሁለት ጫፎች አዲስ ራስ አለበሳቸው፣ በማገናኛ ገጠማቸው። እትዬ ማህተም ጎንበስ ብለው የእጅ ባትሪ ያዙለት። ብርሃኑ ከገመዱ ይልቅ ፊቱ ላይ ይበዛ ነበር፤ እሱም ዓይኑን እያጨናበሰ «አመሰግናለሁ፣ በደንብ ይታየኛል» ይላል። ስምንቱ ሽቦዎች አንድ ሆኑ። ኋላ ክፍል ሄደው አብረው ሣጥኑን አዩት፤ አረንጓዴ ሆኗል።

«ኧረ!» የሚል ጩኸት ከፊት ክፍል መጣ። «ኧረ ጋሽ ሽቦ! ጣቴን ሳላነሳ ተከፈተ! ተዉ፣ ያስፈራል፤ ትንሽ ያዝ ያድርጉት!»

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ሁሉንም ሰበሰበ። ፋይል አስከፈተ፤ ተከፈተ። ደግሞ ሌላ አስከፈተ፤ ተከፈተ። ደስ ሊለው ሲገባ ተጠራጠረ፤ ባለ ቢሮ ነው።

«ምን ነበር ችግሩ?»

እንግዲህ በየትኛውም ቢሮ ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ጣቶች ሁሉ ወደ ጎረቤት ይዘረጋሉ። እዚህ የሆነውን ግን ስሙ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሽቦ። «ሳላስፈቅድ ገመዱን ከፍዬ ለስልክ ሰጠሁ።»

«የሳቸው አይደለም» አሉ እትዬ ማህተም ብድግ ብለው። «ስልክ ተመኝቼ ያስደረግሁ እኔ ነኝ።»

«እሳቸው አንዲት ቃል አልጠየቁኝም!»

«ጋሼ፣ አያስተባብሉልኝ። አልፈልገውም ብዬ መናገር ነበረብኝ።»

«እኔ ነኝ መጠየቅ የነበረብኝ!»

«አልተዉም እንዴ? የኔ ነው አልኩ እኮ!»

ንድፍ ሠሪዋ እጇን አወጣች። «ኢንጂነር፣ ጥፋቱ ሁለት ሰው ካጣላ ለኔ ይሰጠኝ። ፋይሌ እንዲህ ከተከፈተ እኔ ወስጄዋለሁ።»

ኢንጂነሩ ሁለቱን አፈራርቆ ተመለከታቸው። ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ማንን እንደሚቆጣ ግን ጠፋው። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ገመድ ለብቻዎ አይከፍሉም» አለ። «ኔትወርኩ በእጅዎ ይቆያል። የግምጃ ቤቱንም ቁልፍ ሌላ ሰው ይያዘው።»

ሽቦ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ይኸኛው ከሐሙሱ በድምፅ ይለያል። ለድርጅቱ ሰዎች አትምጡ ብሎ መደወል የነበረበት ኢንጂነሩ ነው። ይሉኝታ ያዘው፤ አልደወለም። ሰኞ ሦስት ባለሙያዎች ከነሻንጣቸው መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ አረንጓዴውን መብራት አይተው «ግሩም አደራረግ ነው» አሉ፣ የሚሠሩት ነገር አጥተው ወጡ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ሌላ ሰው ሐሜት በሄድኩ ነበር። ግን ኢንጂነሩ በዚያው ስብሰባ አንድ ሌላ ቃል ጥሎ ነው የወጣው። «አንድ ጥቅል ገመድ ይገዛል። እትዬ የራሳቸው መስመር ያለው ስልክ ከፈለጉ ይዘርጉላቸው። ይፈልጉ አይፈልጉ እናንተው ተነጋግራችሁ ንገሩኝ።»

ተነጋግራችሁ! ለእነዚህ ሰዎች!

ጥቅሉ ተገዛ። እስካሁን አልተፈታም። ሽቦ በቀን ስንት ጊዜ በመሐለኛዋ ክፍል ያልፋል፤ አሁን እዚያ የሚጠገን ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ የሌለ ነገር ይጠግናል። «እትዬ ከፈለጉ ልዘርጋው» ይላል። «ጋሼ ካላስቸገርኩዎ» ይላሉ። «ምን ቸገረኝ፣ ከፈለጉ ነው እንጂ።» «እርስዎ ካሉ ነው እንጂ።» ከዚያ እሱ ወደ ገመዱ፣ እሳቸው ወደ ማህተሙ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ፋይል እንደ መብረቅ ይሮጣል፤ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ግን አንዲት ቃል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ መድረስ አቅቷት በየዕለቱ መንገድ ላይ ትቀራለች። ብርቱካንማ መብራት ቢኖራት እንኳን አንድ ነገር ነበር።

እህቱን ልላክ ብዬ አስቤ ነበር። እሷ ግን በአንድ ንግግር ሁሉንም አፍስሳ፣ ሽቦ ከጠረጴዛ ሥር ዳግመኛ እንዳይወጣ ታደርገዋለች። ንድፍ ሠሪዋም ምላሷ መርፌ እንጂ ክር የለውም። እኔ ደግሞ አብሮ አደጉ ነኝ፤ ነገሩ እኔን ይሉኝታ...

ስለዚህ አንባቢ፣ አንተ ነህ የቀረኸው። ሁልጊዜ «እኔ ፊት ለፊት ነው የምናገረው» ትላለህ አይደል? በል፣ በዚያ በኩል ስታልፍ በሩን ግፋና ግባ። ፊት ለፊት ያለችው ልጅ ትስቅብሃለች፤ ዝም በላት። መሐለኛዋ ክፍል ውስጥ ማህተም የሚወለውሉ ሴት ታገኛለህ። ሰላምታህን አሳጥረህ፣ ስለ እናታቸው ጉልበት ሳትጠይቅ፣ ሰውየው ሊዘረጋ የፈለገው ስልክ ብቻ እንዳልሆነ ንገርልኝ። እሺ ካሉህ ወዲያው ኋላ ክፍል ሄደህ ለሱ ትነግረዋለህ። «እሳቸው ካሉ ነው እንጂ» ካሉህ ደግሞ፣ እባክህ እዚያው ወንበር ይዘህ ተቀመጥ፣ እሱ ከጠረጴዛ ሥር እስኪወጣ ድረስ እሳቸውን አትልቀቃቸው።